ሻዩ ሳይበርድ

ሽማግሌዎቹ እንደገና ለመጀመሪያ ጊዜ መጡ።

መሊካ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ ከሳቋ ጋር ትታገላለች። እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ አሠሪዋ ባባ ጅብራን የሰዎቹን ስም እንደ አዲስ ይጠይቃሉ፣ እንደ አዲስ ትራስ ያቀብላሉ፣ እንደ አዲስ ይደነቃሉ።

“ከየት ናችሁ?”

“ከሐበሻ ነን፣ ከወሎ” አሉ ሸህ ዘይኔ። ይህን ለስንተኛ ጊዜ እንዳሉት እሳቸውም መቁጠሩን ትተውታል።

“ማሻአላህ! እኔም ቤት እኮ የወሎ ልጅ አለች! መሊካ ትባላለች። ታውቋታላችሁ?”

ማወቅስ ያውቋታል። ይህን ሁሉ ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተው ሳዑዲ ካለው የፈይፋ ተራራ ላይ የመጡት እሷን ሊጠይቁ ነው። ባለፈው አርብም የመጡት እሷን ሊጠይቁ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባለው አርብም እንደዚያው። ሸህ ዘይኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሙሄ የተባለውን ጨዋ ልጅ አመስግነው፣ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። የባባ ጅብራን ፈገግታ ወዲያው ጠፋ። ጢማቸውን ዳበሱ፣ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ፤ ደስ እያላቸው መቆጣት ይችሉበታል።

“ልጄን? እንዲህ በአንድ ጊዜ? አይሆንም! ሂዱ፣ እናስብበታለን። ተመልሳችሁ ኑ።” ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ግን በባዶ ሆድ ከቤቴ አትወጡም! ሙሄ! አንተ ሙሄ! አንድ ፍየል!”

ሙሄ ማለት እንግዲህ ሙሽራው ነው። የባባ ጅብራን የፍየል እረኛ እሱ፣ የቡናቸው ሠራተኛ እሱ፣ አራጁም እሱ። ሽማግሌ በላከበት ቤት መታየት ነውር ስለሆነ ከውሃ ታንኩ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚውለው። ሲጠራ ግን ምን ያድርግ? ቢላዋውን ይዞ ይወጣል። ገና እሺ ሳይባል የሠርጉን ፍየሎች አንድ በአንድ አርዶ ሊጨርሳቸው ነው።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በዚህ ነገር እምብዛም አልተከፉም። ሸህ ዘይኔ ከዳገቱ በታች ባለ እርከን ላይ ቡና የሚለቅሙ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ በዚያ ተራራ ካሉት ሐበሾች ሁሉ ታላቅ ናቸው። ኢስሀቅ ደግሞ አሽ-ሹቀይቅ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ዓሣ ያጠምዳል፤ ሽታውን ለመደበቅ የሚቀባው ሽቶ ራሱ ከዓሣው ይብሳል። ሁለቱም በፍየል ሥጋ ወዝ አውጥተዋል። ሦስተኛው ዳኒ ነው። ዳኒ ጂዛን ከተማ ፒክአፕ የሚነዳ የደሴ ልጅ ነው፤ ጢም እንኳ በወጉ አላወጣም። ሽማግሌ የሆነው ሦስት ሰው ስለሚያስፈልግና መኪናው የእሱ ስለሆነ ነው። ክርስቲያን መሆኑን ወሎዬዎቹ ከጉዳይ አልቆጠሩትም። ችግሩ የእስላም ሥጋ አለመብላቱ ነው። ሌሎቹ አጥንት ሲግጡ እሱ በዳቦና በቲማቲም ሽምግልናውን ይወጣል።

“እኔ እኮ” አለ ያን ቀን ወደ መኪናው ሲመለሱ፣ “ለቲማቲም ብዬ ነው ይህን ተራራ የምወጣው።”

ጥፋቱ የመሊካ ነው ካልን የመሊካ ነው። ባባ ጅብራን ገና ልባቸው ብሩህ በነበረ ጊዜ፣ እሳቸው የቡናውን ቅርንጫፍ እየገረዙ፣ እሷ ከሥር የተቆረጠውን እየለቀመች፣ ስለ አገሯ ጠየቋት። መሊካ ደግሞ ስለ አገሯ ስታወራ ልኩን አታውቅም።

“እኛ ዘንድ ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም” አለቻቸው። “ሽማግሌ ሲመጣ አባት መጀመሪያ ‘ሂዱና ተመለሱ’ ነው የሚለው። ሁለተኛ ሲመጡ ‘ዘመድ ላማክር’ ይላል። እሺ የሚለው በሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው እሺ ያለ አባት ልጁን አቅልሏታል።”

ባባ ጅብራን መቀሱን መሬት ላይ አስቀምጠው ሳቁ። “እኛማ ምን ያህል ቸኳዮች ነን! ዋላሂ፣ አንቺን የሚጠይቅ ከመጣ እንደ አገርሽ ነው የማስመልሰው!” ነገሩ በጣም ጣማቸው። እያደር “እስቲ ንገሪኝ፣ ሁለተኛው ላይ ምን ነበር የሚባለው?” እያሉ ያስደግሟት ነበር። በዚያን ጊዜ ነገር ገና የሚገባበት ቦታ ነበረውና፣ ጠልቆ ገባ።

ከዚያ ካሴቱ መጣ። ጊዜው ድምፅ በካሴት ተቀድቶ በመንገደኛ እጅ የሚላክበት ነው። የመሊካ ወንድም ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ እንዲህ ብሎ ልኮ ነበር፦ “አባታችን የለም፣ እኔም ሩቅ ነኝ። ኒካሑን ሸህ ዘይኔ ይሰሩት። የአባትነቱ ቃል ግን ካሳደሩሽ ሽማግሌ አፍ ይውጣ። በሥርዓት፣ ሦስቴ ተጠይቀሽ። እህቴን ከመንገድ አነሷት እንዳይሉኝ።” ከድምፁ ኋላ ዶሮ ይጮኻል። መሊካ ያን ዶሮ ለመስማት ብላ ክሩ እስኪላላ ድረስ ካሴቱን መላልሳ አጫውታዋለች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን፣ ወንድሟ ባይልም እሷ የምትፈልገው የእሳቸውን እሺ ነው። እዚህ አገር በመጣች በመጀመሪያው ወር ንዳድ ሲጥላት፣ ባባ ጅብራን ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው በጨርቅ ውሃ እየነከሩ ግንባሯ ላይ ያደረጉላት፣ “ልጄ” ያሏት ሰው ናቸው። መሊካ ትወዳቸዋለች። ለዚህ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሽታው ሲጀምር የሚያስቅ ነበር። ጫማቸው ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። የዐስርን ሶላት ሰግደው ሲያበቁ እንደገና ውዱእ ያደርጋሉ፤ “ሰግደዋል እኮ ባባ” ሲባሉ፣ “ታዲያ ብደግመው አላህ ይቀየመኛል?” ይላሉ። ኋላ ላይ ግን ከገዛ እርከናቸው ላይ ቆመው የቤታቸው መንገድ ጠፋባቸው። ጂዛን ከተማ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ልጃቸው ሐምዛ መጥቶ ወደ ሆስፒታል አወረዳቸው፤ መሊካም አብራ ወረደች።

ሐኪሙ ከሐምዛ ጋር ፈጠን ፈጠን እያለ አወራ። ለመሊካ የነገረቻት ነርሷ ሩሀማ ናት። ሩሀማ የናዝሬት ልጅ ናት፤ ጠያቂ ካገኘች ሥራዋን ትታ ታስረዳለች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻትና ከፋሻ አንድ ረጅም ክር መዘዘች።

“ይህን እዪ። የአንጎላችን ሴሎች ግድግዳ አላቸው። ግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ፕሮቲን ተሰክቷል፤ ጭራው ወደ ውስጥ፣ የቀረው ወደ ውጭ። ሁላችንም አለን። ሥራው ገና ተጠንቶ አላለቀም፤ ግን ሴሎቹ እንዲያድጉ፣ እርስ በርሳቸው እንዲገናኙ፣ ሲጎዱ እንዲጠገኑ ያግዛል ይላሉ።”

“ታዲያ ደግ ነገር ነዋ።”

“ደግ ነው። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ይቆረጣል፤ ቆራጮቹም እዚያው ሰውነታችን ውስጥ ናቸው። እዚህ መሐሉ ላይ ከተቆረጠ ቁራጩ ለሴሉ ይጠቅማል።” የፋሻ መቀሷን አውጥታ ክሩን ከመሐል ቆረጠች። ሌላ ክር መዘዘችና አሁን ሁለት ቦታ ቆረጠችው፤ መዳፏ ላይ አጭር ብጣሽ ወደቀች። “እንዲህ ከተቆረጠ ግን ይቺ ትተርፋለች። አሚሎይድ የሚሏት እሷን ነው። ትጣበቃለች፣ ከመሰሎቿ ጋር ትከማቻለች። ለዓመታት ስትከማች ሴሎቹ መነጋገር ያቅታቸዋል፣ ይሞታሉም። የባባሽ በሽታ ከዚያ የመጣ ይመስላቸዋል።”

“ይመስላቸዋል?”

“አንጎል ተከፍቶ ካልታየ እርግጡን ማን ይናገራል? ሊቃውንቱም ገና እየተከራከሩበት ነው። ብቻ ጥፋቱ የክሩ አይደለም፤ ያለ እሱም አንጎል ደህና አይሆንም። ጥፋቱ የአቆራረጡ ነው።”

ባባ ጅብራን ከአጠገባቸው ተቀምጠው መቀሱን በዓይናቸው ሲከተሉ ቆይተዋል። “ምን ትላለች ይቺ ልጅ?” አሉ። መሊካ በምትችለው ዐረብኛ ነገረቻቸው፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ክር እንዳለ፣ መቀሱ ያለ ቦታው እንደቆረጠው።

ባባ ጅብራን ተነሥተው ቆሙ። “ስንት ዓመት ሙሉ ነገርኳቸው! ከአንጓው በላይ ቁረጡ አልኩ፣ ከአንጓው በላይ! መቀሱን የያዘው ማነው? አምጡልኝ!”

ኮሪደሩ በሳቅ አለቀ። ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሳይቀሩ ሳቁ፣ ሩሀማ ሆዷን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፣ መሊካም ስቃ ስቃ እዚያው አግዳሚ ላይ እንባዋ መጣ። ያ እንባ የሳቅ እንዳልሆነ ሩሀማ ገባት።

“ስሚኝ እህቴ” አለቻት ቀስ ብላ። “ቶሎ የሚጠፋው አዲሱ ነገር ነው፤ የድሮው ይቆያል። እኔ እንዳየሁት ደግሞ፣ የተደረገውን ቢረሱትም የተሰማቸው ደስታ ቶሎ አይለቃቸውም። አንድ ቀን ግን፣ የአንቺንም ስም…” አልጨረሰችውም።

መሊካ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጭንቀት ያዛት፦ ስሟ ሳይጠፋባቸው፣ ማንን እንደሰጡ እያወቁ፣ እሺ እንዲሏት። እሳቸው ግን ሽማግሌዎቹ በመጡ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያዩአቸው። “ሂዱና ተመለሱ” የሚለውን የድሮ ትምህርታቸውን አልረሱም፤ መመለሳቸውን ነው የረሱት። በዚያ ላይ ሐምዛ ሐጅ ሲያልፍ አባቱን ወደ ከተማ አወርዳለሁ ብሏል። ፍየሎቹም የት እየገቡ እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቃል።

መላው የመጣላት ሻይ ስትቀዳ ነው። አዲስ ነገር ባባ ጅብራን ዘንድ የሚቆየው ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ እስኪበርድ መሆኑን ልብ አለች። ትኩስ ሳለ “ቅድም ምን አልሽኝ?” ይላሉ፤ ሲበርድ ምንም የለም። ወደ በረቱ ሮጣ ለሙሄ ነገረችው።

“በአንድ ቀን ሦስቴ ይምጡ! ሻዩ ሳይበርድ!”

ሙሄ ጠቦት ታቅፎ ነበር። “በአንዴ ሦስቱንም? ወላሂ አንቺ ልጅ አደገኛ ነሽ” አለና ጠቦቱን ለቆ እጁን በደስታ አጨበጨበ። “እኔስ ስንት ፍየል ልረድ?”

“አንድም። ‘እሺ ባባ’ በልና ቢላዋውን ይዘህ ቁም።”

ያስቸገሩት ሸህ ዘይኔ ናቸው። “ሽምግልና ሩጫ ነው እንዴ? አገራችን ላይ ሁለት ሳምንት ተቆይቶ ነው የሚኬደው!” አሉ። መሊካ “ሸህየ፣ አንቱ ጉልበትዎ እስከሚቀጥለው ዓመት ይህን ዳገት ይችለዋል?” አለቻቸው። ሸህ ዘይኔ ጉልበታቸውን ተመለከቱ፣ ዳገቱን ተመለከቱ፣ እሺ አሉ።

ቀኑ ደረሰ። መሊካ ሻዩን የሚያቃጥል አድርጋ ቀዳች። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ስም ተጠየቀ፣ ትራስ ቀረበ። “ልጄን? በአንድ ጊዜ? ሂዱና ተመለሱ! ሙሄ! ፍየል!” ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው በደጁ ወጡ፣ ቤቱን በጓሮ ዞሩ፣ አቧራቸውን አራግፈው እንደገና ገቡ። ብርጭቆው ገና ይጨሳል።

“ምነው? የረሳችሁት ነገር አለ?” አሉ ባባ ጅብራን።

ያስታውሳሉ! መሊካ በሩ ጀርባ ዘለለች።

“ሁለተኛ መምጣታችን ነው፣ ያ ሸይኽ” አሉ ሸህ ዘይኔ።

“አሃ! ሁለተኛ!” ባባ ጅብራን በደስታ ጭናቸውን መቱ። “ሁለተኛው ላይማ ዘመድ ይማከራል!” ተነሡና መስኮቱን ከፍተው ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ቤት በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ። “የሕያ! ወንድሜ የሕያ! ልጃችንን ሊወስዷት መጥተዋል! ምን ትላለህ?”

የሕያ ከሞተ ቆይቷል። ከማዶ የተመለሰው የገዛ ድምፃቸው ነው። ባባ ጅብራን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

“ዝም አለ” አሉ በመጨረሻ። “ዝም ካለ አልተቃወመም። ሂዱና ተመለሱ።”

“ያላ፣ ያላ!” አለ ዳኒ በሹክሹክታ፣ ሦስቱም ተስፈንጥረው ወጡ። አሁን መሮጥ ግድ ሆነ፤ የወንድምየው ነገር ጊዜ በልቷል። ኢስሀቅ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከፊት፣ ዳኒ የሸህ ዘይኔን ጫማ በአንድ እጁ፣ ሸህ ዘይኔን በሌላው እጁ ይዞ ከኋላ፣ ጓሮውን ሲዞሩ ከውሃ ታንኩ ጀርባ ሙሄ “ፍጠኑ! ፍጠኑ!” እያለ ቢላዋውን እንደያዘ ተከተላቸው። ፍየሎቹም ነገሩ ምግብ መስሏቸው ከሙሄ ኋላ ግር አሉ።

ልክ በዚህ ሰዓት ሐምዛ በመኪናው ደረሰ።

ሐምዛ ያየው እንግዲህ ይህን ነው፦ የማያውቃቸው ሦስት ሰዎች የአባቱን ቤት እየዞሩ ይሮጣሉ፣ የአባቱ እረኛ ቢላዋ ይዞ ያሳድዳቸዋል፣ የጎደለው የፍየል መንጋ ደግሞ እረኛውን ያሳድዳል። ከመኪናው ግማሽ ወርዶ ነበር፤ ተመልሶ ገብቶ በሩን ቆለፈ።

መሊካ ወጥታ መስታወቱን ደበደበች። “ውረድ! ሻዩ እየበረደ ነው!”

“የምን ሻይ?”

ሸህ ዘይኔ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ዳኒ ሲጥ ሲጥ እያለ፣ እሷ በጥድፊያ ስለ ሥርዓቱ፣ ስለ ካሴቱ፣ ስለ አባቱ እሺ ነገሩት። ሐምዛ መስታወቱን ትንሽ አወረደ፣ አዳመጠ፣ ወረደ። ግን አንድን ነገር ለሐምዛ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ሲገቡ ብርጭቆው አይጨስም ነበር።

“እንኳን ደህና መጣችሁ!” አሉ ባባ ጅብራን ትራስ እያቀበሉ። “ከየት ናችሁ?”

መሊካ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። አለቀ፣ አለች በልቧ። ሸህ ዘይኔም ቁጭ አሉ፤ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም፣ የሙሄንም ምስጋና አልጀመሩም።

ወሬውን የጀመሩት ባባ ጅብራን ናቸው። “አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኔ አላውቃችሁም። ግን በበሩ ስትገቡ ልቤ ዘለለ፣ የምሥራች እንደሚጠብቅ ሰው። ለምንድነው?”

ሸህ ዘይኔ መዋሸት አይችሉም። “ከዚህ በፊት መጥተን ነው፣ ያ ሸይኽ።”

“ስንቴ?”

“ከሦስት በጣም ይበልጣል።”

“ምን ፈልጋችሁ?”

“ልጅዎን ለጋብቻ።”

“እኔስ ምን አልኩ?”

“ሂዱና ተመለሱ።”

“እናንተስ?”

“ይኸው፣ ተመለስን።”

ባባ ጅብራን ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ላብ የጠመቀውን ኢስሀቅን፣ ጫማ የታቀፈውን ዳኒን። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው። ሳቁና ሳቁና እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። “ይህን ያህል ካስመለስኳችሁ፣ ልጅቷ ውድ ናት ማለት ነው። ኸላስ! ሰጥቻችኋለሁ!”

እልልታ ከወጥ ቤት ተሰማ። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም፤ ግን ሌላ ሴት ቤቱ ውስጥ አልነበረችም፣ መሊካም ከዚያ በላይ መቻል አልቻለችም። ከውጭ ሙሄ ሲዘል የውሃ ታንኩ ተንኳኳ።

“ማናት?” አሉ ባባ ጅብራን። “የሰጠኋት የትኛዋ ናት?”

መሊካ ሥርዓቱንም ረስታ ወጣች፣ ፊታቸው ቆመች። ዓይኗን፣ ሻሿን፣ እጇን ተመለከቱ። ከንፈራቸው ስም ሊጠራ ተከፈተና ባዶውን ተዘጋ። ሩሀማ ያልጨረሰችው ቃል እዚህ ደረሰ። መሊካ “መሊካ ነኝ” ልትል ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

“ስሟ ይቆየን” አሉ ባባ ጅብራን በእጃቸው ነገሩን ወደ ጎን እየገፉ። “ይቺማ የእኔ ናት። ልጄ ናት።” ከዚያ በድንገት ወደ ሐምዛ ዞሩ፣ ቅንድባቸው ተሰበሰበ፣ አሁን ቁጣው የምር ነበር። “ልጄን ነው እንዴ የሰጠሁት? በአንድ ጊዜ? በመጀመሪያው?”

“ኧረ በሦስተኛው ነው!” ብለው ጮኹ ሽማግሌዎቹ።

“በሦስተኛው ነው፣ ባባ” አለች መሊካ።

ከሁሉም በላይ የጮኸው ግን ሐምዛ ነበር። “ዋላሂ አባቴ፣ ሦስቴ አስመልሰዋቸዋል!”

ሐምዛ አባቱን ወደ ከተማ አላወረደም። ከመሊካና ከሙሄ ጋር እዚያው ተራራው ላይ ተዋቸው፤ ሸህ ዘይኔ ኒካሑን ሲያስሩም ፍየሉን በገዛ እጁ ያረደው እሱ ነው፣ ለዳኒም አንድ ካርቶን ቲማቲም አምጥቶለታል።

የመሊካ ስም ለባባ ጅብራን አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አብዛኛውን ቀን አይመጣም። ጠዋት ጠዋት ግን እርከኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲያዩአት አንድ ነገር ይከነክናቸዋል።

“ልጄ፣ አንቺ አላገባሽም እንዴ?”

“አገባሁ፣ ባባ።”

“ማሻአላህ! መቼ? ማንን?” ፊታቸው ይበራል፣ በየቀኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰሙታል፣ በየቀኑ ፍየል ይታረድ ይላሉ። ሙሄም “እሺ ባባ” ብሎ ቢላዋውን ይደብቃል። መሊካ እንደ እሷ በየማለዳው የምትዳር ሴት ከየት ትገኛለች እያለች ትስቃለች፤ አንዳንዴም ስቃ ስታበቃ ፊቷን ወደ ቡናው ታዞራለች።

ከዚያ ባባ ጅብራን ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቋታል።

“ስንቴ አስመለስኳቸው?”

“ሦስቴ።”

“ደግ አድርጌያለሁ” ይላሉ፣ እሷም ትኩሱን ሻይ ትቀዳላቸዋለች።